ለኢላማ የመረጥኩት ሽጉጥ

ሽጉጥ ያማረኝ ማንንም ለማስፈራራት አልነበረም። በዚያ ዘመን ጋምቤላ ውስጥ በመሣሪያ ማስፈራራት ለሚፈልግ ሰው ጓደኛ ሞልቶለት ነበር፤ እኔ እነሱ መሐል መግባት አላሻኝም። የሳበኝ ኢላማ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ፖሊሶች የሚለማመዱበት ሜዳ ነበር፤ ፈቃድ ያለው የመንግሥት ሠራተኛም እሑድ ከሰዓት ሄዶ ካርቶን ላይ መተኮስ ይችላል። ክልሉ ገና መቋቋሙ ነው፤ እኔም ቢሮ ውስጥ ቅጽ ስሞላ የምውል ጸሐፊ ነበርኩ። ትንፋሼን ይዤ አንድ ነጥብ ብቻ የማይበት ሰዓት ያስፈልገኝ ነበር። ይህን ስናገር ሰዎች ስለሚስቁብኝ መናገሩን ተውኩት።

ያልሳቁብኝ አንድ ጡረተኛ ብቻ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በመሣሪያ ግምጃ ቤት የጨረሱ፣ አሮጌ መሣሪያ መሰብሰብ የሚወዱ ደገኛ ናቸው። ወደ አገራቸው ሊመለሱ ጓዛቸውን እያሰሩ ነበር። ወረቀት ያላቸው ሦስት መሣሪያዎች ስለነበሯቸው አንዱን በስሜ ሊያዛውሩልኝ ተስማሙ። ፈቃድ የሚሰጠው የአኙዋክ ተወላጅ ግን ገና በር ላይ ሳለሁ ነገሩን ቆረጠው። «አንድ ሰው፣ አንድ መሣሪያ። ሁለት የለም» አለኝ። እኔም ከአንድ በላይ ምን ያደርግልኛል ብዬ ወጣሁ።

ስለ ነገሩ ለአባቴ መልእክት የላክሁላቸው እንዲያው ለወግ ነበር። አባቴ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ገበሬ ናቸው፤ አቦቦ አካባቢ፣ ከአልዌሮ ግድብ ወዲህ በቆሎ ያርሳሉ። መንግሥት ሲለወጥ ብዙ ሰፋሪ ወደ አገሩ ተመልሷል። እሳቸው ግን እናቴ እዚህ ስለተቀበረች «እሷን ለማን ጥዬ?» ብለው ቀሩ። በድርቁ ጊዜ ምንሽር ጠመንጃቸውን በአንድ ጆንያ እህል ለውጠው ነበር። ያን እህል በልተን ነው እዚህ በሕይወት የደረስነው።

በእኛ አገር በወሎ ወንድ ሲሞት ልብሱና ጠመንጃው ለቅሶ ላይ ይወጣል። አንድ ወዳጁ ጠመንጃውን አፈሙዙን ወደ ታች ዘቅዝቆ ትከሻው ላይ ያነግተዋል፤ አስለቃሿም ወደሱ እያመለከተች የሟቹን ወንድነት ትናገራለች። ጠመንጃ የሌለውም ይለቀስለታል፣ ማን ይከለክላል። አባቴ ግን ከሰፋሪ ለቅሶ በተመለሱ ቁጥር መጀመሪያ የሚነግሩኝ መሣሪያ መውጣት አለመውጣቱን ነበር።

በምመርጥበት ቀን አባቴ ኮታቸውን ለብሰው፣ በዚያ ሙቀት እስከ አንገታቸው ቆልፈውት፣ በጭነት መኪና መጡ። ጡረተኛው ሦስቱን መሣሪያዎች አልጋ ላይ በተነጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ደረደሯቸው። ሁለቱ ሪቮልቨር ሽጉጥ፣ አንዱ ረጅም ምንሽር።

ጡረተኛው እኔን ማስተማር ጀመሩ። መጀመሪያ ባዶ መሆኑን አይቼ እንዳረጋግጥ፣ ከዚያም አፈሙዙን ወደ ግድግዳው እንዳዞር አዘዙኝ። ስድስቱ ጥይት የሚገባበትን ተሽከርካሪ ቤት በጣቴ ይዤ እንድነቀንቀው ነገሩኝ፤ የሚወዛወዝ ከሆነ አርጅቷል። ጥይቱ የሚያልፍበትን ቧንቧ በመስኮቱ ብርሃን በኩል አሳዩኝ። አጭሩ ሽጉጥ ኪስ ውስጥ ያምራል፣ ሲተኮስ ግን እጅ ውስጥ ይዘላል። ረጅም አፍና ከበድ ያለ አካል ያለው ረጋ ይላል፤ ለጀማሪ የሚሆነው እሱ ነው። «ቁንጅናውን ተወው፣ እጀታው መዳፍህን ሞልቶ ቃታው ጣትህ ሥር መምጣቱን እይ» አሉኝ። ከባዱን ሪቮልቨር አነሳሁት። ልክ መዳፌ ውስጥ ገባ። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

ዘወር ስል አባቴ ምንሽሩ አጠገብ ተንበርክከዋል። አላነሱትም። ሰደፉን በመዳፋቸው ይዳብሱት ነበር።

«ልጄ» አሉኝ፤ «ይኸን ረጅሙን ብትይዘው ለኔም ይሆነኝ ነበር። እዚህ አገር ማን ያውቀኛል? ስሞት ለቅሶዬ ላይ የሚወጣ ነገር ይኖረኝ ነበር።»

እንዲህ በግልጽ ነበር የነገሩኝ። አልገባኝም ነበር ማለት አልችልም። እኔ ግን ችኩል ነኝ፣ ያን ቀን ደግሞ የተማርኩ መሆኔን ማሳየት አማረኝ። በጡረተኛው ፊት ሳቅሁና «አባባ፣ እኔ መሣሪያ የምፈልገው ለጨዋታ እንጂ ለለቅሶ አይደለም። ደግሞ እርስዎ ገና ምን ሆኑና!» አልኳቸው።

ጡረተኛው አንገታቸውን ደፉ። አባቴ ጉልበታቸውን አራግፈው ተነሱ። «ልክ ነህ፣ መጫወት ጥሩ ነው» አሉ። ከዚያ ስለ በቆሏቸው አወሩ።

ከአንድ ወር በኋላ እሑድ ቀን ሜዳው ድረስ መጥተው ስተኩስ አዩኝ። ስድስቱንም ካርቶኑ ላይ አሳረፍኳቸው። አራግፌ የጣልኳቸውን ቀለሆች ለቅመው በእጃቸው አቀበሉኝና «ዓይንህ የእናትህ ነው» አሉኝ። በዚያ ሳምንት ልቤ ከበደኝ። ጡረተኛው ሳይሄዱ ልቀይረው እችል ነበር። ነገ ዛሬ ስል ምንሽሩ ኢታንግ ለሚኖር ነጋዴ ተዛወረ፣ ጡረተኛውም ሄዱ። እኔም እሑድ እሑድ መተኮሴን ቀጠልኩ፤ እየተሻሻልኩ ስለነበር ደስ ይለኝ ነበር። ይህን ስጽፍ ራሴን እታዘባለሁ።

በክረምቱ አባቴን ወባ ያዛቸው። መልእክቱ የደረሰኝ ካረፉ በኋላ ነው፤ መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪና ስላልነበረ ለቀብር አልደረስኩም። ከቤት ስወጣ ሽጉጡን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ለምን እንደሆነ አውቅ ነበር።

በሠልስቱ ጠዋት ሰፋሪዎቹ ሜዳ ላይ ተሰበሰቡ። አንዱ ኮታቸውን ያዘ፣ አንዱ ጋቢያቸውን። የአባቴ ጎረቤት፣ ከወሎ አብረዋቸው የመጡት ሽማግሌ፣ ወደኔ መጥተው እጃቸውን ዘረጉ። «መሣሪያውን አምጣ» አሉኝ። ጥይት እንደሌለው ሁለት ጊዜ አይቼ ሰጠኋቸው።

እንደ ጫጩት በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። ወደ ትከሻቸው ሊያነሱት አሉና መልሰው አወረዱት፤ ማንገቻ የለውም። እንደ ወጉ አፈሙዙን ወደ ታች ሲዘቀዝቁት ከሰው መሐል አልታይ አለ። አስለቃሿ ሌላ የምትለውን ስለማታውቅ ስለ ረጅም ጠመንጃ አንጋቹ ታለቅሳለች፤ ከኋላ የቆሙት ደግሞ የታለ እያሉ አንገታቸውን ያሰግጋሉ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ከሐዘኑ ይልቅ እፍረቱ ነበር የሚያስለቅሰኝ፣ እሱ ደግሞ ይበልጥ አሳፈረኝ።

የለቅሶው ዙር ሲያበቃ ሽማግሌው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሊወቅሱኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«አትዘን» አሉኝ። «አባትህ ነግረውናል። ‹ልጄ ረጅሙን ሊይዝልኝ ፈልጎ ነበር፣ ተው ብዬ ትንሹን ያስመረጥኩት እኔ ነኝ› ብለውናል። ለሁላችንም ነው የነገሩን፣ እየዞሩ።»

ሽማግሌው መልስ እየጠበቁ ፊቴን አዩኝ። አባቴ በዚያ በተዳከመ ጉልበታቸው ከቤት ቤት እየዞሩ የኔን ስም ሲጠብቁ ታዩኝ። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ብናገር አባቴን በሠልስታቸው ዋሾ ማድረጌ ነው።

«አዎ» አልኳቸው። «እሳቸው ናቸው የመረጡልኝ።»