ክላክሱ የተጠገነባት ዓርብ

የመኪና ክላክስ ተጣብቆ ሳያቋርጥ ሲጮኽ በሰማሁ ቁጥር፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች እየመጡ እንደሆነ ዞር ብዬ አያለሁ። የልጆች እናት ሆኜም ይህ ነገር አልለቀቀኝም።

እስራኤል አገር፣ ቂርያት ማላኪ አንደኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። አባቴ ያቭነ ካለው ፋብሪካ ሲመለስ አሮጌ ነጭ መኪናውን ከታች አቁሞ ሁለቴ ክላክስ ያደርግ ነበር፣ እኔም እየሮጥኩ እወርድለት ነበር። በአንዱ ክረምት ክላክሱ ዝም አለ፤ እሱም ግድ አልሰጠውም። እናቴ ያን ክረምት ጎንደር የቀረችውን እናቷን ትጠብቅ ነበርና፣ አልጋ አዘጋጅታ፣ አዲስ ብርድ ልብስ ገዝታ፣ ፀሐይ ብቅ ባለ ቁጥር በረንዳው ላይ ታሰጣው ነበር።

የብርቱካኑ አበባ መሽተት ሲጀምር ከጎንደር ስልክ ተደወለ፣ ያነሳው አባቴ ነበር። አያቴ ሞታለች። በእኛ ወግ መርዶ ማልዶ፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው ባለበት ነው የሚነገር። አባቴ ሰንበትን በሰላም ታሳልፍ ብሎ ለእሑድ ቆረጠ። ስልክ ቢበዛ ትጠረጥራለች ብለው፣ እሱ ከገዴራ ሽማግሌ ይዞ ሲመጣ ክላክስ ሊያደርግ፣ ጎረቤቶቹም ያን ሰምተው አብረው ሊገቡ ተስማሙ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ኋላ ነው።

ዓርብ ጠዋት አባቴ መሪውን ፈትቶ፣ ካቻቢቴውን በጥርሱ ነክሶ፣ የተበጠሰውን ሽቦ ይፈልግ ነበር። እናቴና እኔ በረንዳ ላይ ብርድ ልብሱን እናራግፍ ነበር።

«በሰንበት ዋዜማ ክላክስ ምን ሊያደርግልህ ነው?» አለችው እየሳቀች።

«ለቴስት ነው፣ ለመኪናው የዓመት ምርመራ። ቤሰደር፣ እሺ፣ አሁን እጨርሳለሁ» አላት ቀና ሳይል።

ሽቦውን ሲያገናኘው መኪናው መጮኽ ጀመረ፣ አላቆምም አለ። አባቴ ሊነቅለው ሲታገል፣ ቀኑ የተለወጠ የመሰላቸው ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እያለቀሱ ከየበሩ ወጡ። እናቴ ገና ስታያቸው ብርድ ልብሱን ለቀቀችው፣ የራሷንም ነጠላ አዘቅዝቃ ልታጽናናቸው በደረጃው ሮጠች።

«እኔን! ማን ሞተባችሁ?»

አባቴ ሽቦውን ነቀለው። ክላክሱም ዝም አለ። ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ወደ አባቴ ስታይ እናቴም አብራ ዞረች፤ አባቴ ሽቦውን በእጁ እንደያዘ ያለቅስ ነበር። ያኔ ገባት። ራሷን ስትጥል ግን ሴቶቹ ዙሪያዋን ይዘዋት ስለነበር መሬት አልነካችም።

አባቴ የሽቦውን ጫፍ በፕላስተር ጠቅልሎ መልሶ መሪው ሥር ከተተው፣ መኪናውን እስኪሸጥም ክላክስ አላደረገም። ከታች ቆሞ በስሜ ይጠራኝ ነበር።

ዘንድሮ አባቴ ሞተ። ከያቭነ ስመለስ ገዴራ መግቢያ ላይ ቀይ መብራት ይዞኝ ሳለ፣ ወንድሜ በስልክ የላከውን አነበብኩ፤ «አባ አረፈ» ይላል። ያኔ ምስኪን እናቴ በስህተት ተረዳች ተብሎ ስንት ተወራ፣ እኔ ግን አሁን እቀናባታለሁ። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን መልእክቱን ደግሜ አነብ ነበር፣ ከኋላዬ ያሉት መኪኖችም ክላክሳቸውን ለቀቁት። በመስታወቱ ውስጥ ነጠላ ፈለግሁ። እየተቆጡ በጎኔ አለፉ እንጂ፣ ከአንዱም መኪና ሰው አልወረደም።