የአከራዬ ልጅ

ሶዶ ተመድቤ ስመጣ ከሌላ ክልል የመጣን የቢሮ ሠራተኞች ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሆቴል እየተሰበሰብን አገሬውን ስናማ እንውል ነበር። ሰለቸኝ። እኔ እቴ፣ በሐሜት አልኖርም አልኩና ማዕዴን ከአከራዬ ጋር አደረግኩ።

አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። አንዲት ልጃቸው ዓረብ አገር ከሄደች በኋላ ድምፅዋ ጠፍቷል። "አዬ በይኝ፣ እናቴ ማለት ነው" አሉኝ። አልኳቸው። ጎደሬውን በሚያቃጥለው ዳጣ እያጠቀስኩ እንባዬ ሲወርድ እያዩ ይስቃሉ። ምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ፤ ሰው አገኘሁ አልኩ።

ለጊፋታ፣ ለአገሬው ዘመን መለወጫ፣ ቀሚስ ሰጡኝ። ሳይለኩኝ ልክክ አለ። ቆይቼ ሳየው ብብቱ ላይ ተጥፏል፤ የልጅቷ ነው። ቀጥለው በስሟ ይጠሩኝ ጀመር። ሳርማቸው ያንኑ ስም ደግመው ይጠሩኛል። ቤተ ክርስቲያን አብረን ስንሄድ ጎረቤቶቹም በዚያው ስም ሰላም ይሉኛል። የባሰው ደግሞ፣ ስሟ ሲጠራ ሳላስበው ዞር ማለት ጀመርኩ። ያን ጊዜ ፈራሁ።

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። የእድሩ ሽማግሌዎች ናቸው። በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ማንም ያውቃል። ልጅቷ ዓረብ አገር ሞታ እዚያው ተቀብራለች። የለቅሶው ድንኳን ደጅ ላይ ከጋሪ እየወረደ ነው።

አከራዬ መርዶውን ሰሙና እጄን ያዙ።

"የማንን ልጅ ነው የምትሉት? የእኔማ ይቺውና" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "ንገሪያቸው" አሉኝ።

እውነቱን ብናገር ሴትዮዋ ያለቅሳሉ፣ ሐዘናቸውም ይወጣላቸዋል፤ እኔም ስሜ ይመለስልኛል ብዬ አሰብኩ።

"እኔ ተከራይ ነኝ፤ ልጃቸው አይደለሁም" አልኩ።

ትልቁ ሽማግሌ፣ መርዶውን አሁን በአፋቸው የተናገሩት ራሳቸው፣ ቀስ ብለው በልጅቷ ስም ጠሩኝ። "ተይ፣ እናትሽን አታስለቅሺያት" አሉ።

ሌሎቹ አንገታቸውን ደፉ። አከራዬ እጄን አልለቀቁም። ሽማግሌው ደጅ ወጥተው ድንኳኑ ወደ ጋሪው እንዲመለስ አዘዙ።

ለዚያች ልጅ እስከ ዛሬ ያለቀሰላት የለም።