«ደህና ናት» ብዬ ያስቀረኋት እህቴ

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለመስጊዳችን ኢማምም፣ አብሮኝ ላደገ ጓደኛዬም አልነገርኩም። ለራሴ እንኳ ሳልነግረው ሰባት ዓመት ኖሬያለሁ። እናንተ ስለማታውቁኝ ለእናንተ መናገሩ የሚቀለኝ መሰለኝ፤ ወይም ፈሪ ስለሆንኩ ይሆናል። እኔ እህቴን ከገዛ ኑሮዋ ያስቀረሁ ሰው ነኝ። ያስቀረኋት ደግሞ በክፉ ቃል አይደለም። አላህን በማመስገን ነው ያስቀረኋት።

እህቴ ዘሃራ ትባላለች፤ ታናሼ ናት። በሕፃንነቷ የያዛት ትኩሳት ሁለት እግሮቿን ሽባ አድርጎባት ቀረ። ቤታችን ከጎብዬ ወጣ ብሎ ማሽላው መሃል ነው። እዚያ ክራንች በክረምት በጭቃው ይሰምጣል፣ በበጋ በመሬቱ ስንጥቅ ይገባል። ስለዚህ ትምህርት ቤት ያመላለስኳት እኔ ነኝ፤ በጀርባዬ። ሰርጉንም፣ ለቅሶውንም፣ ጤና ጣቢያውንም በጀርባዬ። ጎብዬ ገበያ ስንገባ አሮጊቶች ቆም ብለው «አላህ ጀነት ይወፍቅህ!» እያሉ ይመርቁኝ ነበር። ካፌ በር ላይ የተቀመጡት ተነስተው ወንበር ይለቁልኝ ነበር። ሰይድ መባሌን የማያውቅ ሰው እንኳ «እህቱን የሚያዝለው» ሲባል ያውቀኛል። ደስ ይለኝ ነበር። ደግሜ ልበለው፤ በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

እሷስ ደስ ይላት ነበር? ጠይቄያት አላውቅም። ትልቅ ሴት ሆና፣ የሰው ልብስ በእጇ እየጠገነች፣ ሽንት ቤት ለመሄድ ወንድሟን ከእርሻ እስኪመለስ የምትጠብቅ ሰው ምን ደስታ አላት?

አንድ ቀን አንድ የባጃጅ ሹፌር ቆቦ ውስጥ ብቻውን ተከራይቶ ስለሚኖር ዓይነ ስውር መምህር ነገራት። የመምህሩን ስልክ ቁጥር ተቀብላ ደወለችለት። መምህሩ ሌላ ቁጥር ሰጣት፤ እዚያ ስትደውል ሦስተኛ ቁጥር ሰጧት። ሁሉንም በደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፈች። እንዲህ እየጠየቀች ቆቦ ላይ አካል ጉዳተኞችን የሚመዘግብ አንድ ድርጅት አገኘች። በእጅ የሚነዳ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ይሰጣል፣ ልብስ ስፌት ያሰለጥናል፣ እስኪቋቋሙ ድረስም የቤት ኪራይ ያግዛል። ማን ፈለገላት? ማንም። ተቀምጣ ራሷ አገኘችው።

በደብተሩ ላይ የምትከራየውን ክፍል ስላ አሳየችኝ። ደፍ የሌለው በር። ቧንቧው ከበሩ አጠገብ። ሽንት ቤቱ ውስጥ የምትደገፍበት ብረት። ቁልፉን ሳይቀር ስላው ነበር። «አያ፣ ይቺ ቁልፍ እኔ ጋ ነው የምትሆነው» አለችኝና ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ? የእኔ ሆድ ያን ጊዜውኑ አውቆ ነበር።

ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ አጻፍንላት። ማመልከቻው የሚገባበት ቀን ዝናብ ነበር። «አያ፣ ውሰደኝ፤ ራሴ ልናገር» አለችኝ። «ጭቃ ነው፣ አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ» አልኳት። ጭቃ ነበር፤ በዚህ አልዋሸሁም። ግን በጭቃ አዝያት አላውቅም ነበር እንዴ? ደብዳቤውን በደረት ኪሴ ይዤ ብቻዬን ቆቦ ሄድኩ።

የምትመዘግበው ልጅ ለአገራችን እንግዳ ናት። የዘሃራን ስም በስልክ ከተመዘገቡት መሃል አገኘችና «እህትህ እንዴት ናት?» አለችኝ። በእኛ አገር ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው። ሰውዬው አልጋ ላይ እያጣጣረ ቢሆን እንኳ «ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» ነው የሚባለው። ገና በመጀመሪያው ጥያቄ ሕመም መዘርዘር በአላህ ላይ ማማረር ይሆናል። ደጋግመው ሲጠይቁን ነው «ብቻ እግሯን ትንሽ...» የምንለው። «ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ» አልኩ። ልጅቷ ጻፈችው። ብቻዋን ትንቀሳቀሳለች ወይ ስትለኝ «ምንም አትል፣ አላህ ይመስገን» አልኩ። ይህንንም ጻፈችው።

እዚህ ድረስ ያለውን ስህተት ብትሉልኝ እቀበላችሁ ነበር። እንግዳ ናት፣ ሰላምታችንን መልስ አድርጋ ወሰደችው። ግን ልጅቷ ቀና አለችና «እንግዲያው ድጋፍ አያስፈልጋትም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ለዚህኛው ጥያቄ ባህላችን መልስ የለውም። እዚህ ጋ እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት። አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር፤ «ያስፈልጋታል»። ደብዳቤው ደረቴ ላይ ነበር። ግን በዓይኔ የመጣው ሌላ ነው፤ ዘሃራ ብስክሌቷን በእጇ እየነዳች ጎብዬ ገበያ ስትገባ፣ እኔ ባዶ ጀርባዬን ይዤ ከኋላ ስከተል። ያኔ ማን ይመርቀኛል? ማን ወንበር ይለቅልኛል? እህቱን የማያዝለው ሰይድ ማን ነው?

«እኛ አለንላት» አልኩ።

ልጅቷ ደስ አላት። ሰው የሌላቸው ብዙ አሉ፣ ለእነሱ ይሁን ብላ መዝገቡን አጠፈችው። ወጣሁ። ደብዳቤውን መንገድ ላይ ቀድጄ ጎርፉ ውስጥ ጣልኩት። ቤት ስደርስ ዘሃራ በር ላይ ሆና ትጠብቀኝ ነበር። «ሞልቷል አሉ» አልኳት። «አልሐምዱሊላህ፤ ከእኔ የባሰበት አግኝቶ ይሆናል» አለችና ደብተሯን ከፍራሹ ሥር ከተተችው። እኔ ራቴን በላሁ። በልቼም ተኛሁ።

ሰባት ዓመት አለፈ። ጦርነቱ ሲመጣና ሰው ሲሸሽ አዝያት ሮጥኩ። ያዩን ሰዎች በእኔ ደግነት አለቀሱ፤ እኔም በራሴ ደግነት አለቀስኩ። እንዲህ ያለ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እግሯን የቀማሁት እኔ፣ ስለተሸከምኳት የማለቅሰው እኔ።

አምና ማሽላ ሲታጨድ ከድርጅቱ አንድ ሰው በባጃጅ ቤታችን መጣ። ዘሃራ ለእኔ ሳትነግረኝ እንደገና ደውላላቸው ኖሯል። ሰውዬው ስሟን ጠየቃትና አሮጌ መዝገብ ገለጠ። «አንቺ እኮ ከዚህ በፊት ተመዝግበሻል» አላትና ጮክ ብሎ አነበበ። «ወንድሟ ቀርቦ እንደገለጸው ደህና ናት፣ ድጋፍ አያስፈልጋትም።»

ደነገጥኩ ብል አይገልጸውም። የያዝኩትን ማጭድ የት እንደጣልኩት አላውቅም። የገዛ አፌ ያወጣው ቃል ከወረቀት ላይ በሰው ድምፅ ሲነበብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ? እኔ ነኝ። ለማን ብዬ? ለወንበር። ለአሮጊት ምርቃት።

ዘሃራ አየችኝ። ከዚያ ወደ ሰውዬው ዞረችና «ልክ ነው፣ ያኔ ደህና ነበርኩ። አሁን ነው የደከመኝ» አለችው። በእንግዳ ፊት አላዋረደችኝም። ቢያንስ ብትጮህብኝ ምን ነበረበት?

ከዚያ ቀን ጀምሮ አልታዘልም አለች። ወደ ሽንት ቤት በእጆቿ መሬት ላይ ራሷን እየጎተተች ስትሄድ እጄን ዘርግቼ ከኋላ ከኋላ እከተላታለሁ፤ አትዞርም። መዳፏ ይቆስላል። ሚስቴ ምን አጣላችሁ ትለኛለች፣ እኔ እንጃ እላለሁ። ብስክሌቱ የመጣ ዕለት እየነዳች እስከ አስፋልቱ ሄደች፤ እዚያ እሷም ብስክሌቱም በሚኒባስ ተጫኑ። እኔ እቃዋን ብቻ ነው ያቀበልኩት።

አሁን ቆቦ ተከራይታ ትኖራለች። በእጅ በሚዞር የስፌት መኪና የተማሪዎች ዩኒፎርም ትሰፋለች። ከወራት በኋላ ልቤ አላስቀምጥ ሲለኝ ሄድኩ። በሩ ደፍ የለውም። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ፣ ያን ቀን ያደረግኩትን ከደብዳቤው መቀደድ ጭምር ነገርኳትና አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ አልኳት።

ዘሃራ መኪናውን አቆመች። «አያ፣ አፉ ማለቱስ አያቅተኝም። ግን አዝለህ ባወጣኸኝ ባስገባኸኝ ቁጥር አመስግኜሃለሁ። ስታለቅስ እንባህን ጠርጌልሃለሁ። ያን ምስጋናዬን መልስልኝ» አለችኝ።

አንዲት ሴት የልጇን ሱሪ ልታሳጥር ገባች። ዘሃራ ሜትሯን አንስታ መለካት ጀመረች። እኔ ተነስቼ ወጣሁ።

ምስጋና እንዴት ነው የሚመለሰው? ኢማሙን አልጠይቅ ነገር መጀመሪያ ጥፋቴን ልነግረው ነው። እናንተ ካወቃችሁ ንገሩኝ። አፉ በሉኝ አልልም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፤ ልታጽናኑኝ ብላችሁ «ቢሆንም እኮ ተሸክመሃታል» እንዳትሉኝ።