ሳይመሽ የሚመለስ አፈር

«አደራሽን መሬት፣ አደራሽን መሬት፣
የሰጠሁሽን ሁሉ…»

ከዚህ በኋላ ያለውን ራቢያ ረስታዋለች፤ በዜማ ብቻ ትሞላዋለች። ደሴ ፒያሳ ባለችው ጠባብ ሱቋ ሃያ ዓመት የሙሽራ ቀሚስ ስትጠልፍ ያንጎራጎረችው ይህንኑ ነው። ዘንድሮ ኃይለ ሚካኤል የሚባል የአፈር ሳይንስ መምህር መጥቶ፣ «እኔ በማጉያ መነጽር የማየውን አንቺ በክር አሳዪልኝ» አላት። እሱ ከደን አፈር ደቃቅ ነፍሳትን ያወጣል፤ እሷ በጥቁር ጨርቅ ላይ ትጠልፋቸዋለች። ጨርቁ ኮምቦልቻ ላይ ለሕዝብ ሊታይ ነው።

አፈሩ የቦሩ ሜዳ ነው። ሸህ ሀምዲን ከሚጠብቁት የአያቶቻቸው ደን ቅጠል እንኳ አይወጣም። ዛሬ ጧት ራቢያ ብቻዋን ሄዳ ብትለምናቸው ግን አንድ ባልዲ ፈቀዱ። «ፀሐይ ሳትጠልቅ ከነነፍሱ ይመለስ» አሏት።

«ወላሂ፣ ሳልመልስ እህል አልቀምስም።»

አሁን ዘጠኝ ሰዓት ነው። በራቢያ ሱቅ ውስጥ አፈሩ በወንፊት ላይ ተደርጎ አምፖል ከላይ ያሞቀዋል፤ ነፍሳቱ ሙቀቱን ሸሽተው ከሥር ወዳለው ብርጭቆ ይወድቃሉ። ራቢያ ብርጭቆውን አንስታ አሸተተች።

«ምንድነው ይሄ?»

«አልኮል» አለ ኃይለ ሚካኤል። «ካልሞቱማ ይሮጣሉ፤ እንዴት አድርገሽ ትጠልፊያቸዋለሽ?»

«ያ ረቢ! የሸህ ሀምዲንን ነፍሳት አረቄ አጠጣሃቸው?»

መብራቱን አጠፋች። ሦስት ነጫጭ ነጥቦች ይንሳፈፋሉ። የሞቱትን በመርፌ ጫፍ አውጥታ በትንሽ ብልቃጥ አኖረቻቸው።

አልኮሉ ወጥቶ እርጥብ ጥጥ ገባ፤ መብራቱ እንደገና በራ። ነፍሳቱ ወረዱ፣ ሮጡም። ራቢያ በመነጽሩ እያየች በጠመኔ ጨርቁ ላይ ትነድፋለች፤ አንዱን ሳትጨርስ ሌላው ያመልጣታል።

«ቶሎ በይ እንጂ!»

«አንተ ዝም በል፤ የሚሮጠው እሱ ነው!»

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ በሕይወት ያሉትን ሁሉ ወደ አፈሩ መልሰው፣ ባልዲውን አቅፈው ወጡ። ሚኒባሱ አልሞላም። ረዳቱ «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው!» ይላል፤ ፀሐይ ወደ ጦሳ ተራራ ታዘቀዝቃለች።

«ባልዲው አንድ ሰው ነው፤ እከፍልለታለሁ፤ ንዳው!» አለች ራቢያ።

ሲደርሱ ብርሃኑ የቀረው በዛፎቹ ጫፍ ብቻ ነበር። ሸህ ሀምዲን ከደኑ መግቢያ ቆመዋል።

«ሁሉም መጡ?»

ራቢያ ባልዲውን አወረደች። «ሦስቱ ሞተዋል፣ አባባ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የገባሁልዎትን ቃል ለሱ አልነገርኩትም።» ሦስቱ ያሉበትን ብልቃጥ ዘረጋችላቸው።

ሸህ ሀምዲን ብልቃጡን ተቀበሉ። ከዚያ አፈሩን በጣታቸው ጫር አድርገው ሦስቱን ቀበሩና ወደ ኃይለ ሚካኤል ዞሩ።

«ከእንግዲህ አፈሩ ወዳንተ አይመጣም። መነጽርህን ይዘህ አንተ ወደ አፈሩ ና።»

«እመጣለሁ፣ አባቴ።»

«አንቺ ደግሞ፣ ከጧት ያስቀመጥኩልሽ ቂጣ ደረቀ። ምን ያስቆምሻል?»

ራቢያ ባልዲውን ከአንድ ዛፍ ሥር ገለበጠች፤ አንዲት ቅንጣት እንዳትቀር ቂጡን መታ መታ አደረገች። እጇን ታጥባ ተቀመጠች፤ ቂጣውን ቆረሰችና «ቢስሚላህ» አለች።