ሞተሬን የጠበቁልኝ እናት

ሞተር ሳይክል የገዛሁ ሰሞን ሰላም አጣሁ። ደብረ ታቦር ውስጥ አንዱ ሻይ ጠጥቶ እስኪወጣ ሞተሩ ተወሰደበት የሚል ወሬ ሰምቼ ነበር። ስለዚህ የኋላ ጎማውን በሰንሰለት፣ የፊቱን በጓጉንቸር እቆልፋለሁ፤ ሞተሩ እንዳይነሳም ካንዴላውን ፈትቼ ኪሴ እከታለሁ። ስብሰባ ላይ ቆላልፌ የምገባው አጀንዳው ሲጋመስ ነበር።

አንድ ቀን ከምሠራበት ግብርና ቢሮ ተልኬ የስንዴ ማሳ ለማየት ገሳይ ከተማ ሄድኩ። ደርሼ የዕቃ ሳጥኑን ብከፍት ሰንሰለቱም፣ ጓጉንቸሩም፣ የካንዴላ መፍቻውም የሉም። ቤት ረስቻቸዋለሁ። ማሳው ድረስ ሞተር አይገባም፤ ቀኑ ደግሞ ገበያ ነው፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሌባ መሰለኝ። በመጨረሻ መንገድ ዳር ነጭ ሽንኩርት የሚሸጡ አንዲት አሮጊት ዓይኔ ገቡ። የመረጥኳቸው ለቁጣቸው ነው፤ ዋጋ ጠይቆ ሳይገዛ የሚሄደውን ሁሉ ይገላምጣሉ።

«እናቴ፣ ይቺን ሞተር ይጠብቁልኝ» አልኳቸው። «የኔ ናት የሚል ቢመጣ እንኳ እንዳያምኑት።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝና ማንም እንደማይነካት ነግረውኝ ወደ ገዢያቸው ዞሩ።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ ሞተሬ እንደቆመች ናት። መቀመጫዋ ላይ ሁለት ጆንያ ተጭኗል። መሪዋ ላይ ሰቅዬው የሄድኩት ሄልሜት ደግሞ ሽንኩርት ተሞልቶ ለገበያ ቀርቧል። አመስግኜ ጆንያውን ላወርድ ስል እጄን በዘንጋቸው ቸብ አደረጉኝ።

ባለቤቱ እኔ ነኝ አልኩ። እንደዚህ የሚል እንደሚመጣ አስቀድሞ ተነግሯቸዋል። ቁልፉን አሳየኋቸው፤ ቁልፍ የሌለው ሌባ አይተው እንደማያውቁ ነገሩኝ። መታወቂያዬን ሰጠኋቸው፤ ፎቶው ላይ ያለው ሰው ፀጉር አለው ብለው መለሱልኝ። እውነታቸውን ነው፣ ያኔ ነበረኝ።

«ቁጭ በል» አሉ። «ባለቤቱ ሲመጣ የሚለውን እንሰማለን።»

ምን ላድርግ፣ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ያህል ሽንኩርት እየሸጥኩ ራሴን ጠበቅሁ። በመሃል አንጀታቸውን በላሁት መሰለኝ፣ ቆሎ ዘገኑልኝ። ጉልበት እያለኝ የሰው ንብረት መመኘት እንደማያዋጣኝም መከሩኝ። ክርክሩ ስለሰለቸኝ ሁለተኛ እንደማይለምደኝ ቃል ገባሁላቸው።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ጠዋት ሳናግራቸው ሄልሜቱን አላወለቅሁም ነበር፤ ከፊቴ ከዓይኔ በቀር ያዩት የለም። መሪው ላይ የሰቀልኩትም ወደ ገዢያቸው ከዞሩ በኋላ ነው። ሄልሜቱ ውስጥ የቀረውን ሽንኩርት በአንዲት ገዢ ነጠላ ላይ ገልብጠው መልስ ለመቁጠር ሲያጎነብሱ፣ ባዶውን ሄልሜት ብድግ አድርጌ ከጀርባቸው ዞርኩ። አጥልቄው በመንገዱ በኩል መጣሁ።

ፊታቸው በራ። «መጣህ ልጄ? ምነው ቆየህ? አንዱ ሊወስድብህ ነበር እኮ።»

ሊያሳዩኝ ወደተቀመጥኩበት ድንጋይ ዞሩ። ማንም የለም። እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ብጠይቃቸው፣ ራሱ የተመለጠ፣ ምስኪን ነገር መሆኑን ነገሩኝ።

«መክሬዋለሁ፤ ተፀፅቷል። እንዳታስይዘው» አሉኝ።

እንደማላስይዘው ማልኩላቸው። ጆንያዎቹን አብረን አውርደን፣ መርቀው ሸኙኝ። ሽንኩርት ሽንኩርት በሚሸት ሄልሜት ውስጥ ዓይኔ እያነባ ደብረ ታቦር ገባሁ።

ከወር በኋላ ሞተሬ ጥገና ገብታ ስለነበር ገሳይ በሚኒባስ ሄድኩ። አሮጊቷ ከሩቅ አይተውኝ በእጃቸው ጠሩኝ። ቆሎ ሰጡኝና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሥራ አግኝቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ግብርና ቢሮ መቀጠሬን ነገርኳቸው። እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው አምላካቸውን አመሰገኑ።