ሐዲዱን መንገድ ያደረግን ዕለት

ትናንት የልጅ ልጄ ከሩጫ ስትመለስ፣ «እማማ፣ ነገ በአሮጌው ሐዲድ አብረን እንሂድ፤ ለጉልበትሽ ጥሩ ነው» አለችኝ። 

ያን ሐዲድ መንገድ ያደረግነው በደርግ ጊዜ ነው። ከስድስተኛ ክፍል ያቆምኩ፣ ሰው ሲያየኝ ሻሼን አፌ ላይ የምስብ ልጅ ነበርኩ። ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ጣሊያን ድንጋይ ያመላልስበት የነበረ ትንሽ ሐዲድ ነበር። ብረቱ ተነቅሎ የቀረው የአፈር ድልዳል ብቻ ነበር። ቀበሌው የወጣቶች መሮጫና መናፈሻ ይሁን ብሎ ለዘመቻ ጠራን።

«ማን ሊናፈስበት ነው? ፍየል?» አለች ጓደኛዬ ዘሃራ፣ የተጠበሰ የማሽላ እሸት መዳፏ ላይ እያሸች። ሳቅን።

ጠርዙ በድንጋይ እንዲደረደር ታዘዘ። የከተማ ልጆች ያገኙትን እየፈነቀሉ ዳር ላይ ወዳለው ግራር ሲጠጉ ተከተልኳቸው። እናቴ እዚያ ነበረች። የእኛ የሙስሊሞች ቀብር ስም አይጻፍበትም፤ በራስጌና በግርጌ ድንጋይ ይቆማል፣ በቃ። ለማያውቅ ተራ ድንጋይ ነው። ሴት ቀብር ስለማትሄድ፣ እኔ እንጨት ለቀማ እያልኩ በድብቅ ነበር የምሄደው። ጎረቤታችንን እትዬ ዘይነባንም እዚያው ተደብቀው ሲያለቅሱ አግኝቻቸዋለሁ። የሕፃን ልጃቸው ቀብር ከእናቴ ጎን ነበር።

አንዱ ዲጅኖውን ከራስጌው ድንጋይ ሥር ሲያስገባ ሮጬ ድንጋዩን አቀፍኩ።

«ተነሺ!» አለ የቀበሌው ሊቀመንበር። «ዘመቻ ማደናቀፍ ምን እንደሚያስከትል ታውቂያለሽ?»

ሁላችንም እናውቅ ነበር። በዚያ ቃል ተወስደው ያልተመለሱ ነበሩ።

«ጓድ... እናቴ ናት» አልኩ።

«ወላሂ ቀብር ነው!» ብላ ጮኸች ዘሃራ።

ሊቀመንበሩ ቆቡን አውልቆ ላቡን ጠረገ። «ይሄን ቀብር ተዉት» አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቀስ ባለ ድምፅ፣ «ሌላስ አለ? ካለ አሁኑኑ ተናገሪ» አለኝ።

ሁለተኛ ብናገር የመጀመሪያውንም የሚነጥቀኝ መሰለኝ።

«የለም» አልኩ።

የሕፃኑን ሁለት ትንንሽ ድንጋዮች ዓይኔ እያየ ወስደው ጠርዙ ላይ ደረደሯቸው። ቦታውንም በአካፋ ደለደሉት።

በሳምንቱ እትዬ ዘይነባ መንገድ ላይ አስቆሙኝ። ገና ወደ ግራሩ አልሄዱም ነበር። «የእናትሽን ቀብር አስተረፍሽ አሉኝ። አንቺ ባትኖሪ የእኔም ልጅ ይሄድ ነበር። አላህ ልጅ ይስጥሽ፣ የልጅ ልጅ ያሳይሽ» ብለው እጄን ሳሙ።

«አሚን» አልኩ።

እሳቸው እውነቱን ከእኔ ሳይሰሙ ካረፉ ቆይተዋል። ያን ዝምታዬን ለዓይናፋርነቴ ስሰጠው ኖሬያለሁ፤ ግን ለራሴ ስፈልግ አፌ ተከፍቶ ነበር። ምርቃታቸው ደረሰልኝ። አንዳንድ ማታ የልጅ ልጄ ተኝታ ሳያት፣ በሰው ሐቅ ያገኘኋት ይመስለኛል።