የቦራ ቀንድ

ጎረቤቴ አምሳለ ቅቤ የምትገዛው ስንጥር እስከ ታች ሰክታ፣ አውጥታ፣ አሽትታ ነው። በርበሬ ስታስፈጭ ከወፍጮው አፍ ዓይኗን አትነቅልም። እንዲህ ያለች ሴት ቀንድ ይዛ ወደ ቀንድ ሠሪው ካሤ ስትሄድ፣ እኔን ለምስክርነት ከደሃና እስከ ሰቆጣ ድረስ ጎተተችኝ። እግሬ ነደደ፤ እሷ ግን መንገዱን ሙሉ ስለ ሌባ ታወራለች።

ቀንዱ የቦራ ነው። ቦራ፣ ሟች ባሏ ባንተአምላክ ከጥጃነቱ ያሳደገው በሬ ነበር፤ በሰማንያ ዘጠኝ ለባንተአምላክ ተዝካር ታረደ። ቀኝ ቀንዱ ድሮ ገደል ሲገባ ተሰብሯል፤ የቀረው ወደ ዓይኑ የተቆለመመው ግራው ብቻ ነው። ልጃቸው የትናየት በጥር ልትዳር ነው። አምሳለም «ሙሽራው አባቷ ባሳደገው በሬ ቀንድ ይጠጣ፤ አባት እንደሌላት አይቁጠሯት» ብላ ዋንጫ ልታሠራ ተነሳች።

ካሤ ሽማግሌ ነው። ቀንድ ሠሪ ስለሆነ ዓይኑን የሚፈሩ ነበሩ፤ አምሳለ የፈራችው ግን እጁን ነው። ቀንዱን ቀቅሎ የውስጡን አጥንት ሲያወጣ ከአጠገቡ አልተነሳችም። ከዚያ ጥቁሩን ቅርፊት ሲፍቀው፣ ማር የመሰለ ቀንድ ብቅ አለ። ፊቷ ተለወጠ።

«አያ ካሤ፣ የኔ ጥቁር ነበር።»

«ሲፋቅ ሁሉም እንዲህ ነው፣ እቴ።»

ቀንዱን እንደያዘ ሞራ ሊያመጣ ጓዳ ገባ። አምሳለ ጭኔን ቆነጠጠችኝና «ለወጠው!» አለች።

ካሤ ተመልሶ ቀንዱን ሞራ ቀባው። ከፍሙ በላይ እያገላበጠ አለሰለሰው፤ አቃንቶ፣ የተጠረበ እንጨት ውስጡ ሰክቶ፣ በጠፍር ጠፈረው። «እስኪበርድ እንዳትነኩት። ትኩሱን ከተፈታ ወደ ልማዱ ይመለሳል» ብሎ ውሃ ሊያመጣ ወጣ።

አምሳለ ወዲያው ጠፍሩን መፍታት ጀመረች። እጇን ያዝኳት።

«ተይ፣ ሴትዮ!»

«አንቺም ከሱ ጋር ነሽ?»

ተናድጄ ለቀቅኳት።

እንጨቱን ነቀለችው። ቀንዱ እጇ ላይ ቀስ እያለ ታጠፈ፤ ቦራ ሞፈር ሲጎትት እንደምናውቀው ተቆለመመ። ሁለታችንም አወቅነው።

«እሱ ነው» አለች፤ እንባዋ መጣ።

ወዲያው የካሤን ኮቴ ሰማችና ደነገጠች። እንጨቱን መልሳ በኃይል ሰካችው። ቀንዱ ግን በርዶ ነበር፤ ከአፉ እስከ ጫፉ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ።

ካሤ አንስቶ አየው። ምነው በተቆጣ! ስንጥቁን በጣቱ ዳሰሰው።

«አሁንስ የማን ቀንድ ነው?» አላት።

«የቦራ ነው፣ አያ ካሤ» አለች በለሆሳስ። «አንቱ አይደፍኑትም ወይ?»

«ጠላ አይይዝም» አላት። «ጨው ይይዛል።»

በጥር ሙሽራው በብርጭቆ ጠጣ። አምሳለ ዛሬም ጨው በዚያ ቀንድ ታኖራለች፤ ስትቆነጥር ግን ቀንዱን አታየውም።